መራጩ ማን ነው? የኢልቦለድ መጻሕፍት አመራረጥ በኢትዮጵያ፦ ከጉባኤ ቤት እስከ አሞራ ገደል

መግቢያ

ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ልቦለድ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ መታተሙ እንደ መነሻ ይወሰድና፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያው መሥመር ላይ ይሰደራል። ይህ አካሄድ ለልቦለድ ጥናት የጠቀመውን ያህል ሌላውን የጽሑፍ ዘርፍ ወደ ጥግ ገፍቶታል። የአማርኛ ስድ ንባብ የተገራው ግን በልቦለድ ብቻ አይደለም። ከ«ልብ ወለድ ታሪክ» ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ቀደም ብለው ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጽፈዋል። አፈወርቅም ራሳቸው ልቦለዱን ባሳተሙ በዓመቱ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተሰኘውን የታሪክ መጽሐፋቸውን እዚያው ሮም አሳትመዋል። እንግዲህ ኢልቦለድ የልቦለድ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ታላቅ ወንድሙም ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢልቦለድን ታሪክ በሙሉ መተረክ አይደለም። አንድ ጠባብ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። አንባቢው ከብዙ መጻሕፍት መካከል አንዱን አንሥቶ ሌላውን ሲተው መራጩ ማን ነበር? በምንስ መዝኖ? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ ስለ ራሱና ስለ ዓለም የሚያውቀው ነገር በተጻፈለት መጽሐፍ ልክ ሳይሆን፣ ከተጻፈለት መካከል መርጦ ባነበበው ልክ ነውና። በመጨረሻም ከታሪኩ የሚገኘውን መመዘኛ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በምትገኘው አሞራ ገደል ላይ እንሞክረዋለን።

1. መራጩ መምህር በነበረ ጊዜ

በብራና ዘመን የመጽሐፍ ምርጫ የአንባቢው ጉዳይ አልነበረም። አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ እንስሳት ቆዳ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ጸሐፊው ወራት ይደክምበት ነበር። ስለዚህ የሚገለበጠውና የሚነበበው መጽሐፍ አስቀድሞ በሥርዓት የተወሰነ ነበር። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት ያልፋል፤ መጻሕፍት ቤት ሲደርስ ደግሞ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት በሚባሉት አራቱ ጉባኤያት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ምን እንደሚነበብ የሚወስነው ጉባኤው ነው፤ እንዴት እንደሚነበብም የሚወስነው አንድምታው ነው።

ይህ ማለት ግን የግእዙ መደርደሪያ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር ማለት አይደለም። ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት ጠባይ የሚናገረው «ፊሳልጎስ» ከጥንት የግእዝ ትርጉሞች አንዱ ነው። «ባሕረ ሐሳብ» የዘመን አቈጣጠር ትምህርት ነው፤ «ፍትሐ ነገሥት» ሕግ ነው። የኒቅዩው ዮሐንስ የዓለም ታሪክ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ ዛሬ መጽሐፉ በአብዛኛው የሚታወቀውም በዚሁ የግእዝ ትርጉም ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ሊቅ የተፈጥሮን፣ የሕግን፣ የታሪክንና የሒሳብን ነገር በአንድ ቋንቋ ሊያገኝ ይችል ነበር።

ከነዚህ ሁሉ ለርእሰ ነገራችን ይበልጥ የሚቀርበው የአባ ባሕርይ ሥራ ነው። አባ ባሕርይ በደቡብ፣ በጋሞ አገር የነበሩ ካህን ሲሆኑ፣ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ አመጣጥና ስለ ገዳ ሥርዓት አጭር መጽሐፍ ጽፈዋል። ጽሑፉ በጦርነት ውስጥ፣ ከአንድ ወገን ቆሞ የተጻፈ ስለሆነ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ቢሆንም ደራሲው ሽንፈትን በእግዚአብሔር ቍጣ ብቻ አስረድተው አላለፉም። የራሳቸውን ማኅበረሰብ በአሥር ክፍል ከፍለው፣ ከአሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን ዘርዝረው ምክንያት ፈልገዋል። አንድን ጥያቄ አንሥቶ ምክንያቱን በማስረጃ መፈለግ የኢልቦለድ ዋነኛ ሥራ ነው። ስለዚህ የአባ ባሕርይ መጽሐፍ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያስተምራል፤ ማየት የሚችል ዐይን ምን ያህል እንደሚጠቅምና ያው ዐይን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ምን እንደሚያጣ።

2. የመጻሕፍት ቍጥርና ብላቴን ጌታ ኅሩይ

የማተሚያ መኪና ሲመጣ የመጻሕፍት ቍጥር ጨመረ፤ በዚያውም ልክ አዲስ ችግር ተፈጠረ። ያለው መጽሐፍ ምንና ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ለዚህ ችግር መልስ ለመስጠት ከተነሡት ቀዳሚው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዘርዝረው አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ዝርዝሩን አስፍተው እንደ ገና አወጡት። በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል ያሉት 16 ዓመታት ለአገሪቱ ኅትመት ትልቅ ጊዜ ነበሩ። ኋላ ብርሃንና ሰላም የተባለው ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ያዘ።

የመጻሕፍት ዝርዝር ለዛሬ ተማሪ ደረቅ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከምርጫ በፊት ዝርዝር የግድ ነው፤ መኖሩን የማያውቁትን መጽሐፍ መምረጥ አይቻልምና። ዝርዝሩ መጽሐፍን ከአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ወይም ከአንድ መኳንንት ሣጥን አውጥቶ በአንባቢ ሁሉ ፊት ያቆመዋል። በዚህ ረገድ የኅሩይ ሥራ ከመምህሩ እጅ የነበረውን ምርጫ ወደ አንባቢው ማሻገር የጀመረ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ኅሩይ ዝርዝር በማውጣት ብቻ አልተወሰኑም። ከጎደለው ዘርፍ ራሳቸው ጻፉ። በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን የታላላቅ ሰዎች መጽሐፍ፣ በ1921 ዓ.ም. «ዋዜማ»ን፣ ወደ ጃፓን ከሄዱ በኋላም በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ታሪክ፣ የሕይወት ታሪክ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ሃይማኖታዊ ክርክርና ልቦለድ ከአንድ ብዕር ወጡ። የዛሬው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ኅሩይን በ«አዲስ ዓለም» ብቻ ካወቃቸው፣ የሥራቸውን ትልቁን ክፍል ሳያይ አልፏል።

3. የገብረ ሕይወት ሦስት ሚዛኖች

ዝርዝር ምን እንዳለ ይነግራል፤ የትኛው እንደሚሻል ግን አይናገርም። ለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል። ሚዛኑን ያስቀመጡልን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ገብረ ሕይወት አድዋ አጠገብ ተወልደው፣ ምጽዋ አካባቢ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቀጥሎም በአውሮፓ ትምህርታቸውን የተከታተሉ ሰው ነበሩ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. ገደማ አሥመራ ላይ ታተመ። ጽሑፉን እንዲጽፉ ካነሣሧቸው ነገሮች አንዱ የአፈወርቅ «ዳግማዊ ምኒልክ» ነበር። አፈወርቅ ንጉሡን ለማወደስ ሲሉ የቀደሙትን ነገሥታት፣ በተለይም ዐፄ ዮሐንስን፣ በሚያጣጥል ብዕር ጽፈዋል። ገብረ ሕይወትም ይህን ተቹ። በዚህ የተነሣ ጽሑፋቸውን በዘመናዊው አማርኛ ከመጀመሪያዎቹ የኢልቦለድ ሂሶች አንዱ አድርጎ መውሰድ ይቻላል።

በዚህ ሂስ ውስጥ ገብረ ሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሦስት ስጦታዎች ሊኖሩት ይገባል ይላሉ። አሳባቸው በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የተደረገውን ነገር አጥርቶ የሚመለከት ልቡና። ሁለተኛ፣ በተደረገው ነገር ላይ የማያዳላ ፍርድ። ሦስተኛ፣ ያየውንና የፈረደውን የሚያስረዳ የጠራ ቋንቋ። አፈወርቅ ሦስተኛውን የታደሉ ነበሩ፤ የቋንቋቸውን ውበት የሚክድ የለም። በሁለተኛው ግን ተሰናከሉ።

እነዚህ ሦስት ሚዛኖች ለታሪክ ጸሐፊ የተነገሩ ይሁኑ እንጂ ለኢልቦለድ ሁሉ ያገለግላሉ። ስለ ዓሣ የሚጽፍ የሥነ ሕይወት ሊቅ ማየት አለበት፤ ያየውንም ከሚመኘው መለየት አለበት፤ ላልተማረው ሰው በሚገባ ቋንቋም መናገር አለበት። ስለ ገንዘብ የሚጽፈውም፣ ስለ ሕክምና የሚጽፈውም እንዲሁ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ምሁራን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቁም ነገር አለ። በሚዛኖቹ ቅደም ተከተል ቋንቋ መጨረሻ ይቀመጥ እንጂ አልተተወም። ውብ ቋንቋ የተዛባ ፍርድን ሊሸፍን እንደሚችል ሁሉ፣ ግራ የገባው ቋንቋም ጥሩ ዕውቀትን ሊቀብር ይችላል።

የገብረ ሕይወት የራሳቸው ዕጣም የምርጫን ነገር ያስታውሳል። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሞቱ። ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ዕውቀት የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ የወጣው በ1987 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ሥራዎቻቸው በአንድነት ተሰብስበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተሙት በ2002 ዓ.ም. ነው። በ2002 ዓ.ም. መጽሐፉን የገዛ ተማሪ አዲስ መጽሐፍ ገዛ ወይስ አሮጌ? ለእርሱ አዲስ ነው። «አዲስ መጽሐፍ» የሚለው ቃል የኅትመትን ዘመን ብቻ ሳይሆን ከአንባቢ ጋር የሚገናኝበትንም ቀን የሚያመለክት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

4. ከቤተ መጻሕፍት እስከ ገበያ

ከጣልያን ወረራ በኋላ ምርጫው ከመምህርና ከደጋፊ መኳንንት እጅ ወደ ተቋማት ተሸጋገረ። በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ተከፈተ። በዚያው ጊዜ ተክለ ጻድቅ መኵሪያ የኢትዮጵያን ታሪክ በተከታታይ ማሳተም ጀመሩ። በ1942 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል የመሬትን ስሪት፣ የግብርን ሥርዓትና የመንግሥትን ሥራ የሰበሰቡበትን «ዝክረ ነገር»ን አወጡ። በ1946 ዓ.ም. ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ።

የከበደን መጽሐፍ ከኅሩይ የጃፓን መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ለምርጫ ጥሩ ልምምድ ይሆናል። ሁለቱም ወደ ጃፓን እየተመለከቱ የሚያስቡት ስለ ኢትዮጵያ ነው። ኅሩይ በመልእክተኛነት ሄደው በዐይናቸው ያዩትን ይነግሩናል፤ ከበደ ደግሞ የአገሪቱን ታሪክ ተከትለው ሥልጣኔዋ ከየት እንደ መጣ ያስረዳሉ። በሁለቱ መካከል ጃፓን ተዋግታ ተሸንፋለች፤ ኢትዮጵያም ተወርራ ነፃ ወጥታለች። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ስለ ጃፓን አንድ አስተያየት ይይዛል። ሁለቱን ያነበበ ግን ሁለት የኢትዮጵያ ትውልዶች ከውጭው ዓለም ምን ይፈልጉ እንደነበር ይገነዘባል። ጥንድ አድርጎ መምረጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ይሁንና በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን አንባቢው የሚመርጠው አስቀድሞ ተመርጦ ካለፈለት ነበር። ሳንሱር የመጀመሪያው አንባቢ ነበረ። በደርግ ዘመን ሞስኮ ላይ በፕሮግረስ አሳታሚ ድርጅት በአማርኛ የታተሙ የማርክሲዝም መጻሕፍት መጡ፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም ብዙ ሥራዎችን ለሕዝብ አቀረበ። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ አንባቢው ቢያንስ በሕግ ደረጃ ራሱ መራጭ ሆነ።

በዚህ ነፃነት ጎልቶ የወጣው ዘርፍ ትዝታና የፖለቲካ ታሪክ ነው። ዘውዴ ረታ በ1992 ዓ.ም. «የኤርትራ ጉዳይ»ን፣ በ1997 ዓ.ም. «ተፈሪ መኰንን፦ ረዥሙ የሥልጣን ጉዞ»ን አሳተሙ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ በ1999 ዓ.ም.፣ የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁትና ከማስታውሰው» በ2002 ዓ.ም.፣ ሁለቱም ደራሲዎቻቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተሙ። ከደርግ መሪዎችም «ትግላችን» በ2004 ዓ.ም.፣ «እኛና አብዮቱ» በ2006 ዓ.ም.፣ «አብዮቱና ትዝታዬ» በ2008 ዓ.ም. ተከታትለው ወጡ። በሌላው ወገን ደግሞ የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» እና የሕይወት ተፈራ የወጣትነት ትዝታ አሉ።

ይህ ሀብት ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሀብት ነው። ገበያም እንደ ሳንሱር ሁሉ መራጭ ነው፤ ልዩነቱ ሳይከለክል መምረጡ ነው። ብዙ የሚሸጠውን ከፊት ይደረድራል፤ ያልተሸጠው ሳይታይ ይቀራል። የፖለቲካ ትዝታ ብቻ የሚያነብ ሰው አገሩን በቤተ መንግሥት መስኮት ብቻ ያያታል። ዝናቡ ለምን እንደዘገየ፣ የጤፍ ዋጋ በምን እንደናረ፣ የጎረቤቱ ሕዝብ ልጁን እንዴት እንደሚድር አያውቅም። ተክለ ሐዋርያትን በ«ፋቡላ» ተውኔታቸውና በሕይወት ታሪካቸው የምናውቅ ብዙ ነን፤ እኒሁ ሰው ስለ እርሻ ትምህርት መጻፋቸውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ያ ትውልድ ተውኔትንና እርሻን በአንድ ራስ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር።

5. ሚዛኑ በአሞራ ገደል

እስካሁን ያነሣነውን ሐሳብ በአንድ ቦታ ላይ እንሞክረው። አሞራ ገደል በሐዋሳ ከተማ፣ በሐይቁ ዳር የሚገኝ ስፍራ ነው። ዛሬ ሰው የሚያውቀው በዓሣ ገበያው ነው። ዓሣ አጥማጁ በጀልባ ይመጣል፤ ዓሣው ይቀረደዳል፤ ይጠበሳል ወይም በሾርባ ይቀርባል፤ አባ ኮዳዎቹ ረዣዥም እግራቸውን ዘርግተው የሚወረወረውን ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ለጎብኚው ይህ ሁሉ ትርኢት ነው። ለአንባቢው ግን የጥያቄ ክምር ነው፤ ጥያቄዎቹም አንድ ዘርፍ አይበቃቸውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይህ ዓሣ ምንድን ነው? የሚል ነው። በሐይቁ ስድስት ዓይነት ዓሦች እንደሚኖሩ ተመዝግቧል፤ ገበያው በዋነኛነት የሚያውቀው ቆሮሶን ሲሆን፣ አምባዛና ቢልጫም አሉ። ለዚህ የሽብሩ ተድላ የኢትዮጵያ የንጹሕ ውሃ ዓሦች መጽሐፍ መነሻ ይሆናል፤ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ አይታይም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በትነት ብዛት ጨዋማ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፤ የሐዋሳ ውሃ ግን ዓሣ የሚረባበት ለዘብ ያለ ውሃ ነው። እንቆቅልሹን ለመረዳት ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተጻፈ የሳይንስ መጽሐፍ ማንሣት ግድ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ቱዶራንቻና ቴይለር ያሰናዱት የጥናቶች ስብስብ ለዚህ ይረዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ የሰው ነው። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከመቈርቈሯ በፊት በሐይቁ ዙሪያ የኖረው ሕዝብ ማን ነው? በምንስ ሥርዓት ይተዳደር ነበር? ጆን ሃመር በሲዳማ ሕዝብ መካከል በመስክ ቆይቶ ያጠናውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 በመጽሐፍ አሳትሟል። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ደግሞ ስለ ሐድያና ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ታሪክ ሰፊ ጥናት አድርጓል። ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር የሰማ አንባቢ፣ በዓሉ በምን ዓይነት ማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ እንደሚኖር የሚያስረዳውን መጽሐፍ መፈለግ ይኖርበታል። አራተኛው ጥያቄ የገበያ ነው፤ ጥሬው ዕቃ ከሐይቁ ወጥቶ ምግብ ሆኖ እስኪቀርብ ትርፉ በማን እጅ ይቀራል? ይህን ለመጠየቅ ከ100 ዓመት በፊት የታተመው የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ዛሬም ያነሣሣል። አምስተኛው የዛፍ ነው፤ በሐይቁ ዳር ጥላ የሚሰጡትን ዛፎች ስም ለማወቅ፣ የአገር በቀልና የመጤ ዛፎችን ስም በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስቀምጠው የአዘነ በቀለ ተሰማ መጽሐፍ አለ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የገብረ ሕይወት ሦስት ሚዛኖች ይሠራሉ። የመጀመሪያው፣ ጸሐፊው ከየት ዐወቀ? የሚለው ነው። በመስክ ቆየ፣ ውሃውን ለካ፣ ሰነድ መረመረ ወይስ ከሌላ ገለበጠ? ይህን መቅድሙና የማስረጃ ዝርዝሩ ይናገራሉ። ሁለተኛው የፍርድ ነው። የትዝታ መጽሐፍ በሚመረጥበት ጊዜ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይልቅ ደራሲው ራሱ ተጠያቂ ሊሆን የሚችልበትን ምዕራፍ ገልጦ ማየት ይበጃል፤ በዚያ ገጽ ላይ ግሥ ሁሉ «ተደረገ»፣ «ተወሰነ» እያለ አድራጊውን ከሸሸገ፣ አንባቢው ሚዛኑን ይይዛል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከታሪክ ተማሪ የሚበልጥበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ አድራጊ የሌለውን ዐረፍተ ነገር መለየት የእርሱ ሙያ ነውና። ስለ ሕዝቦች የሚጽፈውንም የውጭ አጥኚ እንዲሁ መመዘን ይገባል፤ ሰዎቹን ጠይቆ ጻፈ ወይስ ስለ እነርሱ ሌሎች ያሉትን? ሦስተኛው የቋንቋ ሚዛን ነው፤ ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ አውጥቶ ማንበብ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚሁ ጋር አንድ ጉድለት ፊት ለፊት ይመጣል። ለአሞራ ገደል ከጠራናቸው መጻሕፍት ከገብረ ሕይወት በስተቀር ሁሉም የተጻፉት በውጭ ቋንቋ ነው። ዓሣውን የሚያጠምደውና የሚቀረድደው ሰው በሚያነበው አማርኛ ወይም ሲዳምኛ አልቀረቡም። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ለትምህርት ከዋለ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም በ1989 ዓ.ም. ታትሟል። ስለዚህ ቃል የለም የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። የጎደለው ከላቦራቶሪው ወደ ሐይቁ ዳር የሚያሻግር ጸሐፊና ተርጓሚ ነው። የሐዋሳ የእርሻ ኮሌጅ በ1969 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ በከተማዋ ከፍተኛ ትምህርት አለ፤ ዕውቀቱና ገበያው በአንድ ከተማ ተቀምጠው በመጽሐፍ አልተገናኙም።

6. አንድ ተቃውሞ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። የሰው ዕድሜና ገንዘብ ውሱን ነው፤ ከየዘርፉ አንድ አንድ የሚቀማምስ ሰው በየትኛውም ሳይበስል ይቀራል፤ ስለዚህ በአንድ ዘርፍ ጠልቆ ማንበብ ይሻላል የሚል ነው። ተቃውሞው ተራ አይደለም። የጉባኤ ቤቱም ጥበብ ያው ነበር፤ አንድ ጉባኤ ተሄዶ ሳያልቅ ወደ ሌላው አይታለፍም።

መልሱ ግን ከዚያው ከጉባኤ ቤት ይገኛል። የብሉይ መምህር ከቅኔ ቤት ሳያልፍ መምህር አይሆንም፤ ባሕረ ሐሳብንም ሊያውቅ ይገባዋል። ጥልቀቱ በአንድ ስፍራ ይሁን እንጂ የሚቆመው በብዙ መሠረት ላይ ነው። በተግባርም ሲታይ ዓመቱን በሙሉ ከሙያው የሚያነብ ተማሪ ከአምስት መጻሕፍት አንዱን ከማያውቀው ዘርፍ ቢመርጥ ጥልቀቱ አይጎድልበትም። ልቦለድ የሚያጠና ሰው ስለ መሬት ስሪት ካላነበበ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በግማሽ ዐይኑ ያነባል፤ የፊታውራሪ መሸሻንና የባላገሩን ጠብ ያለ ግብርና ያለ ጉልት ማን ይፈታዋል? ለዚህ «ዝክረ ነገር» ከብዙ የሂስ ጽሑፍ ይልቅ ሊረዳ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው መራጩ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በብራና ዘመን መምህሩና የቆዳው ውድነት፣ በኅትመት መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱና ደጋፊው፣ ኋላም ተቋሙና ሳንሱሩ መረጡ፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ገበያው ይመርጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ሰዎች ምርጫውን ለአንባቢው ለመስጠት መሣሪያ አበጅተዋል። ኅሩይ ዝርዝሩን፣ ገብረ ሕይወት ሚዛኑን። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም፤ ዝርዝር ያለ ሚዛን ክምር ነው፤ ሚዛን ያለ ዝርዝር ደግሞ የሚመዝነው የለውም።

ስለዚህ ከዚህ ጥናት ሁለት ሥራዎች ይመነጫሉ። አንደኛው የተማሪው ነው፤ ዘርፍ እየለወጠ፣ ጥንድ እያደረገ፣ በሦስቱ ሚዛን እየመዘነ ይምረጥ። ሁለተኛው የትምህርት ክፍሎቻችን ነው፤ ኢልቦለድን ከሥነ ጽሑፍ ጥናት ደጃፍ ላይ ማቆማቸውን ትተው እንደ ልቦለዱ ይተንትኑት፣ ይተቹት፣ በየዓመቱ የወጣውንም በየዘርፉ ይዘርዝሩት። ኅሩይ ካወጡት ሁለተኛ ዝርዝር ወዲህ ወደ 100 ዓመት ተጠግቷል። ተከታዩን ዝርዝር የሚያሰናዳ ሰው ከሐይቅ ዳር ገበያ ቢነሣ፣ ከዓሣ እስከ ሕግ፣ ከውሃ እስከ ታሪክ ለሚጠይቀው አንባቢ መልስ የሚሆን መደርደሪያ ያዘጋጃል።